ያበጡ መጻሕፍት

ሰኞ ማታ ገባሁ፤ ቁልፉ አልዞር አለኝ፣
በሩ በአዲስ ቀለም እንግዳ አስመሰለኝ።
ስድስት ሳምንት ሙሉ እቴነሽ ቤት ከርሜ፣
በሶፋዋ ጫፍ ላይ ጎኔን አጣምሜ፣
ይኸው ተመለስኩኝ፣ ካርቶን ተሸክሜ።

ዊኒፔግ በጥር ወር ትንፋሽ ይሰበራል፤
ቧንቧም እንደ ሰው ነው፣
ዓመት ዝም ብሎ ቆይቶ አንድ ሌሊት ይናገራል።
ከበላዬ ያለው ሽማግሌ፣ ቫሲል፣
መስኮት ከፍቶ ረስቶ፣ ብርዱ ገብቶ ሲውል፣
ግድግዳው ተተርትሮ ውሃው ቁልቁል ሲል፣
ድስቴን አልነካውም፣ ፍራሼን አልነካው፣
ቴሌቪዥኑን እንኳ በአጠገቡ አለፈው፤
ሲወርድ ቀጥ ብሎ መደርደሪያዬን ነው ያየው።
ለካ በከንቱ አይደለም ዓይነ ውሃ የተባለው።

የኢንሹራንሱ ልጅ ቅጹን አውጥቶ ነበር።
«ስንት ያወጣል?» አለኝ።
«የትኛው?» አልኩት። «ሁሉም።»
ቆጥሬ ሳልጨርስ፣
«አሮጌ ወረቀት» ሲል ጻፈው በአንድ መስመር፤
ፈረምኩ፤ ምን ብዬ ልከራከር።

በእቴነሽ ልብስ ማስጫ እንደ ካልሲ ደርቀው፣
ሆዳቸው ተነፍቶ፣ ጀርባቸው ተጣሞ፣
ወደ ቤታቸው ሲመጡ ቤታቸው ጠበባቸው።
ሃያ ይይዝ የነበረው ዛሬ አሥራ አራት ነው ዐቅሙ፤
ስድስቱ ወለል ላይ ግድግዳ ተደግፈው ቆሙ።

ማክሰኞ አላነበብኩም። መጋረጃ ሰቀልኩ፣
ማንኪያ ስፈልግ ዋልኩ።
ግድግዳውን የጠገኑት ሰዎች ዕቃዬን እንደ ገባቸው አስቀምጠውታል፣
ጨው ከመድኃኒት ጋር ተኳርፏል፣
ማንኪያዬ ከሰው መዶሻ ጎን ተኝቷል።

ረቡዕ ማታ ወፍራሙን ልብ ወለድ ገለጥኩ፤
ድልድይ ሠሪ ባሏን የቀበረች ሴት ናት።
ገጹ ይንኮሻኮሻል፣ በክረምት እንደሚረገጥ ቅጠል።
ሰማንያ ሰባት ላይ ሻንጣዋን ዘግታ ከቤቷ ወጣች፤
ዘጠና ሁለት ላይ ጓዳዋ ቆማ ኩባያ ታጥባለች።
መሐሉ ተጣብቋል።
እንዴት እንደ ተመለሰች፣ በሩን ማን እንደ ከፈተላት፣
ውሃው ያውቃል።

ሐሙስም ያንኑ።
ከሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ስወጣ፣ አውቶቡስ ውስጥ፣
ፌርማታዬን አልፌ በበረዶ ተመለስኩ፣
መጽሐፉን በካፖርቴ ሥር፣ እንደ ሕፃን፣ ደብቄው።
የግጥሟ መድበል ግን ምንም አልሆነችም፤
ቀጭን ነገር ቶሎ ይደርቃል።

ዓርብ በሬ ተንኳኳ። ቫሲል ነው፣ ፀጉሩን አበጥሮ፣
አንድ መጽሐፍ ይዟል፣ በጋዜጣ ጠቅልሎ።
«ካሣ» አለኝ። በአገሩ ፊደል የተጻፈ ነው፣
አንዷንም አላውቃት፤
ወንበር ሰጠሁትና «እንግዲያው አንብብልኝ» አልኩት።
አነበበ፤ ድምፁ እንደ አሮጌ መሳቢያ እየተንቋቋ፣
እኔም እንደማይገባው ሰው በትክክለኛው ቦታ ራሴን ነቀነቅኩ።
አንዲት ቃል ሦስቴ ስትመላለስ ለየኋት፤
«ይቺ ምንድን ናት?»
በሁለታችንም ባልሆነ እንግሊዝኛ ብዙ ደከመ፤
ተነሥቶ በሬ ዘንድ ሄደና
እግሩን ከበሩ ሥር ካለው እንጨት ላይ አኖረ።
«ደፍ!» አልኩ።
«ደፍ» አለ፤ ደገመ፤ ወደደው።
ውኃ የደፋብኝ ሰው
በቋንቋዬ የተማረው የመጀመሪያ ቃል ይኸው።
ስስቅ ለምን እንደ ሳቅኩ አልነገርኩትም፤
የሚተረጎም አይደለም።

ቅዳሜ ምን እንዳነበብኩ አላስታውስም። ተኝቼ ይሆናል።

እሑድ ማንቆርቆሪያ ጣድኩ፣
እንፋሎቱ ላይ የተጣበቀውን አንድ ገጽ ያዝኩ፣
በቢላዋ ጫፍ፣ በቀስታ፣ እስትንፋሴን ውጬ።
ተላቀቀ።
አራት ቀን ሙሉ ያሰብኩላት፣
ለአንዲት መበለት ይገባታል ያልኩት ትልቅ ነገር...
ሴትዮዋ ማንኪያ ስትፈልግ አገኘኋት።

የቀረውን አልከፈትኩትም። ይጣበቅ።
ማንቆርቆሪያውን አወረድኩ፣ ቁልፉን ዘይት ነካ አደረግኩ፣
ወለል ላይ ያሉትን ስድስቱን በስንዝር ለካሁ፤
ሁለት ስንዝር ከጋት።
ነገ ከሥራ ስወጣ ጣውላ መግዛት ነው፤
ረዘም ያለውን፤ ያበጠ ነገር
መልሶ አይከሳም።